እስትንፋስን መስፈር የሚማሩ ተማሪዎች



ሰው ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሳያቋርጥ የሚሠራው፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ «ሠራሁ» ብሎ የማይቈጥረው ሥራ መተንፈስ ነው። እናንተ በጠረጴዛችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ደብዳቤ አንብባችሁ እስክትፈርሙበት ድረስ፣ ደረታችሁ በየደቂቃው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይነሣል፣ ይወድቃልም፤ የአንድ ቀኑ ሲደመር 20,000 ጊዜ ያህል ይደርሳል። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የጠየቀ የለም፤ የዕረፍት ፈቃድም አይሰጥበትም።

ይሁን እንጂ በበሽታ ወይም በአደጋ፣ አለዚያም ጊዜው ሳይደርስ በመወለዱ ምክንያት ይህ ሥራ ከዐቅሙ በላይ የሚሆንበት ሰው አለ። እንደዚህ ያለውን በሽተኛ የሚያግዝ፣ ወይም ጨርሶ በእርሱ ፈንታ የሚያስተነፍስ፣ ለዚሁ ተብሎ የተማረ ሰው በአንዳንድ አገሮች ሆስፒታሎች ይገኛል። አሜሪካውያን «ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት» ይሉታል፤ እኛ የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያ ብንለው ይስማማል። በዚያው በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም ይህን ሞያ ተምረው የሚያገለግሉ አሉ። ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት የዚህ ሞያ ተማሪ ምን እንደሚማር፣ የሚማረውም ነገር ከየት እንደ መጣ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገለ ሰው እንደሚያውቀው፣ በደንብ ውስጥ የሚገኝ አንቀጽ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። «ቍልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን» የሚል ትእዛዝ ባየን ጊዜ፣ አስቀድሞ አንድ ግምጃ ቤት እንደ ተዘረፈ እንገምታለን። የአተነፋፈስ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ተማሪው በቃሉ ከሚያጠናቸው ቍጥሮች ብዙዎቹ ከመጻፋቸው በፊት፣ እነርሱ ባለመታወቃቸው የተጐዳ ሰው ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ደግሞ፣ ጕዳቱ ብዙ ጊዜ የደረሰው እስትንፋስን በመንፈግ ሳይሆን ከመጠን አልፎ በመስጠት መሆኑ ነው።

ታሪኩን ከዴንማርክ ዋና ከተማ ከኮፐንሃገን እጀምራለሁ። በ1952 በጁላይ ወር ፖሊዮ፣ በእኛ አጠራር የልጅነት ልምሻ፣ በዚያች ከተማ ተነሣ። ይህ በሽታ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ጡንቻን የሚያዝዙትን ሥሮች የሚያጠፋ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱን እግሩን፣ አንዳንዱን እጁን ያሰንፈዋል። በዚያ ዓመት ግን ብዙ በሽተኞችን የመታቸው ከዚህም ከፍ ብሎ፣ መዋጥንና መሳልን በሚያዝዘው የአንጐል ሥር ነበረ። ልጁ ምራቁን መዋጥ፣ አክታውን ማስወጣት ያቅተውና በገዛ ምራቁ እየታፈነ ይሞታል። ተላላፊ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ወደሚታከሙበት ወደ ብሌግዳም ሆስፒታል እስከ ዲሴምበር ድረስ የገቡት በሽተኞች ከ2,700 በላይ ሆኑ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆኑት መተንፈስ ወይም መዋጥ የተሳናቸው ነበሩ። በሽታው በበረታበት ሰሞን በአንድ ቀን ውስጥ 50 ያህል አዲስ በሽተኛ ይገባ ነበር።

ሆስፒታሉ ይህን ሁሉ ሰው ለማስተንፈስ የነበረው መሣሪያ አንድ የብረት ሳንባና፣ እንደ ጥሩር ደረትን ብቻ የሚሸፍኑ 6 ትንንሽ መሣሪያዎች ነው። የብረት ሳንባ የተባለው በ1928 ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሠሩት ትልቅ ሣጥን ሲሆን፣ በሽተኛው ራሱ ብቻ ከውጭ ቀርቶ ሌላው አካሉ በውስጡ ይተኛል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ሲሳብ ደረቱ ይነፋል፣ ሲመለስ ይወርዳል። ይህ መሣሪያ ጡንቻው ብቻ የሰነፈበትን በሽተኛ አድኗል። ጕሮሮው በአክታ የተዘጋበትን ግን ምን ያደርግለታል? የተዘጋ በር ውጭ ቆሞ እንደሚስብ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 በሽተኞች 27ቱ በ3 ቀን ውስጥ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ፕሮፌሰር ላሰን በዚህ ጊዜ ከራሳቸው ሞያ ውጭ ያለ ሰው ጠርተው ምክር ጠየቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አንድ የታወቀ ሹም በሥራው ላይ ሳለ፣ ከእርሱ በዕድሜም በማዕርግም የሚያንሰውን ሰው ከሌላ ክፍል ጠርቶ «እኔ አልቻልሁምና አንተ ምን ትላለህ?» ሲል መስማት በየትኛውም አገር የተለመደ አይደለም። በኦገስት 25 ቀን የተጠሩት ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን ይባላሉ፤ ገና 37 ዓመት ያልሞላቸው የማደንዘዣ ሐኪም ነበሩ፤ በቦስተንም ተምረው ተመልሰዋል። የማደንዘዣ ሐኪም ዕለት ዕለት በቀዶ ጥገና ክፍል የሚያደርገው ነገር፣ ጡንቻው በመድኃኒት የፈዘዘውን ሰው የጎማ ከረጢት እየጨመቀ ማስተንፈስ ነው። ለኢብሰን ይህ የዘወትር ሥራ ነበር፤ በፖሊዮ ክፍል ግን ያሰበው አልነበረም።

ኢብሰን የሞቱትን ሰዎች ሳንባ ቢመለከቱ ለሞት የሚያደርስ ጕዳት ያላዩበት ሆነባቸው። የደሙን ምርመራ ወረቀት ደግሞ ቢያዩ፣ በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ እንደ በዛ ተጽፏል። ሌሎቹ ሐኪሞች ይህን ያልታወቀ የደም መለወጥ ነው ይሉት ነበር። ኢብሰን ግን ነገሩ ቀላል እንደ ሆነ ተናገሩ፤ በሽተኛው የሚያስፈልገውን ያህል ስለማይተነፍስ ማስወጣት የሚገባው የተቃጠለ አየር በውስጡ ተከማችቶ ይገድለዋል እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም አሉ።

በኦገስት 27 ቀን ለሙከራ የተሰጠቻቸው አራቱም ክፍለ አካሏ የሰነፈ፣ በትኵሳትና በአክታ የምትጨነቅ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ከማንቍርቷ በታች አንገቷ ተቀዶ ቱቦ ገባ። ወዲያው ግን የመተንፈሻ ቧንቧዋ ተኰማትሮ፣ እርስዋም እየታገለች፣ ከረጢቱ ቢጨመቅ አየር አልገባ አለ። ሊመለከቱ የመጡት ሐኪሞች ነገሩ እንዳልሆነ አይተው አንድ በአንድ ከክፍሉ ወጡ። ኢብሰን የሚያስተኛ መድኃኒት በመርፌ ሰጧት፤ ትግሏ ቆመ፤ ደረቷም በከረጢቱ መጨመቅ ይነሣ ጀመር። ተመልካቾቹ ሲመለሱ ፊቷ ደምቆ፣ ላቧ ደርቆ አገኟት። ኢብሰን በዚህ ብቻ አልረኩም፤ ልጅቱን ወደ ቀድሞው መሣሪያ መልሰው ሲያስገቧት እንደ ገና ደከመች፤ ወደ ከረጢቱ ሲመልሷት ደግሞ ዳነች። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም።

ክርክሩ አለቀ እንጂ ችግሩ አላለቀም። አንድ በሽተኛ በእጅ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ያ እጅ ሌሊትና ቀን፣ ለሳምንታትና ለወራት ሳያቋርጥ መኖር አለበት። እንደዚህ ያለ በሽተኛ በአንድ ጊዜ እስከ 70 የደረሰበት ቀን ነበር። ይህን የሚያህል እጅ ከየት ይመጣል? መልሱ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ፤ በጠቅላላው 1,500 ያህል ሆነው በፈረቃ እየተተካኩ በበሽተኞቹ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ፤ የሠሩትም ሰዓት ቢደመር 165,000 ያህል ሆነ። የሚሞተው ሰው ብዛት ከግማሽ በታች ወረደ። እኔ እንደማስበው የዛሬው የአተነፋፈስ ሕክምና ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ወንድሞቹን መፈለግ የሚገባው በእነዚህ ወጣቶች መካከል ነው። የዛሬው በዓመታት የሚማረውን እነርሱ በጥቂት ሰዓት ተምረዋል፤ ያውም ስሕተት የማይፈቀድበት ቦታ ተቀምጠው።

ምን ተማሩ? መጀመሪያ የተማሩት እጅ የሚማረውን ነገር ነው። ከረጢቱ ለስለስ ብሎ ሲጨመቅ ሳንባው ክፍት ነው፤ ድንገት ሲከብድ አክታ ተሰብስቧል፣ ወይም ቱቦው ታጥፏል፤ ጨርሶ ሲቀልል ደግሞ አየሩ በአንድ በኩል ያፈተልካል። አክታ ከሆነ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ፣ በሽተኛውን በጐኑ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የተማሩት ዐይን የሚማረውን ነው፤ የከንፈርንና የጥፍርን መልክ፣ የግንባርን ላብ መመልከት። ከንፈሩ ሳይጠቍር ላብ ካላበውና የደም ግፊቱ ከወጣ፣ የገባው ኦክሲጅን በቂ ቢሆንም የሚወጣው አየር አልበቃም ማለት ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ለአዲስ ተማሪ ይከብደዋል፤ መተንፈስ ማስገባት ብቻ ይመስለዋልና።

ደግሞም ከሲሊንደር የሚወጣ አየር ደረቅ መሆኑን ተማሩ። እኛ በአፍንጫችን የምንስበው አየር እስከ ሳንባ ሲደርስ ሞቆና ርሶ ነው፤ አፍንጫን ዘልሎ በቱቦ የሚገባው ግን እንደዚያ ካልተደረገለት አክታውን አድርቆ እንደ ቡሽ ቧንቧውን ይወትፈዋል። የዛሬው ተማሪ ስለ እርጥበት አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚያነበው ስለዚህ ነው።

የቀረው ትምህርት በመጽሐፍ የማይጻፍ ነበር። በአንገቱ ቱቦ የገባለት ልጅ ድምፅ የለውም። ተማሪው በየቀኑ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጦ፣ ልጁ በዐይኑና በከንፈሩ የሚለውን መስማት ለመደ፤ ተረት ያነብለታል፣ ልጁም ከረጢቱ ሲዘገይ በዐይኑ ይነግረዋል። በሌሊት በሽተኞቹ እንዲተኙ መብራቱ ይደበዝዝ ስለ ነበር፣ በእጁ የሚያስተነፍሰው ሰው ነፍሱ እንደ ወጣች ያላወቀ ተማሪም ነበር። እነዚህ ወጣቶች ገና ሐኪም አልሆኑም፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት የበሽተኛ አልጋ አጠገብ አልደረሱም።

እጅ ግን መስፈሪያ የለውም። አንዱ ተማሪ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ይጨምቃል። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኀላፊ ፖል አስትሩፕ የደሙን ኮምጣጣነት በመሣሪያ ለክተው፣ ኢብሰን ያሉት እውነት መሆኑን አረጋገጡ፤ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደሙን ያኰመጥጠው ነበር። ከዚያም ወዲህ ምርመራው ከረጢቱ በዝቶ ወይም አንሶ መጨመቁን የሚናገር ምስክር ሆነ። ጤናማ ደም የሚቆምበት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ከ7.35 እስከ 7.45። አስትሩፕ ይህን ልኬት ቀላል የሚያደርግ ዘዴ በኋላ አወጡ፤ የዛሬውም ተማሪ ከእጅ አንጓ የደም ቅዳ ሥር ደም መቅዳትንና የተገኘውን ቍጥር ማንበብን ሳያውቅ ከትምህርት ቤት አይወጣም። በ1953 ዲሴምበር ኢብሰን በዚያችው ከተማ ኮሙነሆስፒታል በተባለው ውስጥ፣ በጽኑ የታመሙት ሁሉ በአንድነት ሌሊትና ቀን የሚጠበቁበት ክፍል አቋቋሙ፤ በየሆስፒታሉ የምናየው የጽኑ ሕሙማን ክፍል አባት ይኸው ነው ይባላል። በስዊድን ደግሞ ካርል ጉናር ኤንግስትሮም የሠሩት መሣሪያ የተማሪዎቹን እጅ ተካ። ተማሪዎቹም ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

በአውሮፓ ይህ ሥራ በሐኪምና በነርስ እጅ እንደ ቀረ፣ በአሜሪካ ግን ራሱን የቻለ ሞያ ሆነ፤ የወጣውም ከዝቅተኛ ቦታ ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከባዱን የኦክሲጅን ሲሊንደር ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያንከባልሉ፣ በበሽተኛውም አልጋ ላይ የኦክሲጅን ድንኳን የሚተክሉ ሠራተኞች ነበሩ። ተላላኪ እንጂ ባለሙያ የሚላቸው አልነበረም። ነገር ግን መክፈቻውን በየቀኑ የሚያዞረው እጅ የእነርሱ ነው። በ1943 ዶክተር ኤድዊን ሌቪን በቺካጎ ማይክል ሪስ ሆስፒታል እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች በሥራ ላይ ያስተምሩ ጀመር። በ1946 በዚያችው ከተማ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1947ም ማኅበሩ በሕግ ታወቀ። በ1960 የመጀመሪያው የሞያ ፈተና በሚኒያፖሊስ ተሰጠ። ሲሊንደር ከማንከባለል እስከ ፈተና ወንበር 20 ዓመት እንኳ አልፈጀም። ከመዝገብ ቤት ተላላኪነት ተነሥቶ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የምታውቁ፣ ይህን ጕዞ ከእኔ ይልቅ ትረዱታላችሁ።

ዛሬ በአሜሪካ ትምህርቱ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፤ እስከ 4 ዓመት ተምረው ዲግሪ የሚቀበሉም ብዙዎች ናቸው። የደረትን ውስጣዊ አሠራርና የልብን ሥራ ከተማሩ በኋላ ወደ አየር ሕግ ይገባሉ። አየር ሲጨመቅ እንደሚያንስ ቦይል በ1662 ጽፎታል፤ በተደባለቀ አየር ውስጥ እያንዳንዱ ዐይነት የየራሱን ግፊት እንደሚያደርግ ዳልተን በ1801 አስረድቷል። ይህ የፊዚክስ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን እናንተው ምሳሌው ናችሁ። በአዲስ አበባ የምትኖሩ አንባቢዎች ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላችሁ ተቀምጣችኋል። በምትስቡት አየር ውስጥ ኦክሲጅን እንደ ምፅዋም እንደ ጅቡቲም ከ100 እጅ 21 ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ወደ ደማችሁ የሚገፋው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። በባሕር ዳርቻ የተጻፈውን የደም ቍጥር ይዞ ደጋ ላይ ያለውን ጤነኛ ሰው የሚመረምር ተማሪ በሽተኛ ያደርገዋል።

ከዚህም ሌላ ሲሊንደሩ መቼ እንደሚያልቅ ማስላት ይማራሉ። በአሜሪካ ከበሽተኛ ጋር የሚጓዘው ትንሹ ሲሊንደር ሞልቶ 620 ሊትር ያህል ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያስፈልገው ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ 2 ሊትር የሚበቃው ከ5 ሰዓት በላይ ይቆይበታል። ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው የሚወሰድ በሽተኛ ሊፍት ውስጥ ሳለ ሲሊንደሩ ቢያልቅ ጥፋተኛው ሲሊንደሩ አይደለም። ይህ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ሒሳብ የሚፈታ ነው፤ ስለዚህም ነው የሚናቀው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኦክሲጅን የሕይወት አየር ነው ስለተባለ፣ አብዝቶ መስጠት ቸርነት ይመስል ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በአዲሱ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ተኝተው ኦክሲጅን እንደ ልብ ይለቀቅላቸው ነበር። በ1942 ቴዎዶር ቴሪ የተባሉ የቦስተን የዐይን ሐኪም በእንደነዚህ ያሉ ሕፃናት ላይ ያልታወቀ ዕውርነት ማየታቸውን ጻፉ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ በሽታው የበዛው መሣሪያ ባልነበራቸው ድኻ ሆስፒታሎች ሳይሆን በተሟላላቸው ዘንድ መሆኑ ነው። በ1951 በአውስትራልያ በሜልበርን ኬት ካምቤል የተባሉት ሐኪም ምክንያቱ ኦክሲጅን ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ በ1953 እና በ1954 በአሜሪካ በብዙ ሆስፒታሎች የተደረገው ሙከራ ቃላቸውን አጸና። እስከዚያ ድረስ በልዩ ልዩ አገር 10,000 ያህል ሕፃናት ዐይናቸው ጠፍቶ ነበር። ነገሩ በዚህም አልቆመም፤ ሐኪሞች ደንግጠው ኦክሲጅኑን እጅግ ስለ ቀነሱ፣ በኋለኞቹ ዓመታት ዐይናቸው የዳነላቸው ሲኖሩ ነፍሳቸውን ያጡ ሕፃናት እንደ ነበሩ ታወቀ።

በሽማግሌዎች ላይም ሌላ ነገር ታየ። ለብዙ ዘመን በሳንባ በሽታ የደከመ ሰው ኦክሲጅን በብዛት ሲሰጠው፣ መልኩ ይመለሳል፣ ጭንቀቱ ይለቀዋል፣ ይተኛል፤ ዘመዶቹም «ተመስገን» ይላሉ። እንቅልፉ ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ እንቅልፍ ነው፤ አንዳንዱ አልነቃም። በ1960 ሞራን ካምቤል የተባሉት ሐኪም ከ100 እጅ 24 ወይም 28 ብቻ፣ ከዚያ የማያልፍ ኦክሲጅን የሚሰጥ የፊት ጭንብል አወጡ። በአየር ውስጥ ያለው 21 ስለ ሆነ፣ ጭማሪው 3 ወይም 7 ብቻ ነው። ተማሪው ይህን ቍጥር ሲሰማ ትንሽ ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ ኦክሲጅን በሐኪም ማዘዣ ላይ መጠኑ ተጽፎ የሚሰጥ መድኃኒት እንደ ሆነ ዛሬ በመጀመሪያው ወር ይነገረዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የአየሩ ብዛት ራሱ ተመረመረ። ለረዥም ጊዜ በመሣሪያ የሚተነፍስ በሽተኛ በእያንዳንዱ እስትንፋስ በኪሎ ክብደቱ 12 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ሲሰጠው ኖረ፤ ሳንባው ሰፋ ብሎ ቢነፋ ይሻለዋል ተብሎ። በ2000 በአሜሪካ 861 በጽኑ የታመሙ ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ እኵሌታው 12፣ እኵሌታው 6 ሚሊ ሊትር ተሰጣቸው። 12 ከተሰጣቸው ከ100 ሰው 40 ያህሉ፣ 6 ከተሰጣቸው 31 ያህሉ ሞቱ። አብዝተን ስንነፋ የታመመውን ሳንባ እየቀደድን ኖረናል ማለት ነው። ክብደቱም ቢሆን በሚዛን የሚገኘው አይደለም፤ ሰው ቢወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋምና፣ መጠኑ የሚሰላው ከቁመቱ ነው። ስለዚህ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ተማሪ በኪሱ ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ይይዛል። ብዙ ሺሕ ብር ከሚያወጣው መሣሪያ አጠገብ ቆሞ በሜትር የተኛ ሰው ሲለካ ያየው ሰው ሊስቅ ይችል ይሆናል።

መሣሪያን ማመንም ወሰን እንዳለው የተማሩት በቅርቡ ነው። በ1974 ጃፓናዊው ታኩዎ አዎያጊ መሠረቱን የጣሉት፣ በጣት ላይ እንደ ልብስ መቈንጠጫ የሚሰካው መሣሪያ፣ ደም ሳይቀዳ በብርሃን ብቻ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይናገራል፤ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየቤቱ የገባው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት እንዳመለከተው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ብሎ «ደኅና ነው» ካላቸው መካከል፣ ደማቸው ተቀድቶ ሲታይ ከ88 በታች ሆነው የተገኙት ከጥቍር በሽተኞች ከ100 እጅ 11.7፣ ከነጮቹ ግን 3.6 ነበሩ። ብርሃኑ በጠቈረ ቆዳ ሲያልፍ ይሳሳታል። ይህ ጕዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ደግሞም የነጭ ልጅ ከንፈር ሲጠቍር እንዲያይ የተማረ ተማሪ፣ የእኛን ልጅ ምላስና የከንፈር ውስጥ ካላየ አይታየውም፤ ይህ በመጽሐፉ ውስጥ በሚገባ የተጻፈው ከዘገየ በኋላ ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ በመጨረሻ የሚመጣው መሣሪያውን መንቀል ነው፤ ባለሙያዎቹ ጡት ማስጣል ይሉታል። በሽተኛው ለጥቂት ጊዜ በራሱ እንዲተነፍስ ይተዋል፤ ተማሪው እጁን ሰብስቦ አጠገቡ ይቆማል፤ እስትንፋሱን ይቈጥራል፣ ደረቱንና ፊቱን ያያል። ፈጥኖ ቢያግዘው ጡንቻው ሥራውን አይለምድም፤ ዘግይቶ ቢያግዘው ይደክምበታል። ብዙዎቹ የኮፐንሃገን ልጆች በዚህ መንገድ ከከረጢቱ ተላቀቁ። በኦገስት 27 ቀን ሐኪሞቹ ተስፋ ቈርጠው ከክፍሏ የወጡባት ልጅ ግን አልተላቀቀችም። ለብዙ ዓመታት በመሣሪያ እየተነፈሰች፣ ከሆስፒታልም በኋላ ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ እስከ 1971 ድረስ ኖረች።